የዘይት ማሞቂያ ሥራ ሲጀምር ውኃን ከውስጡ ስለ ማውጣት

የምግብ ዘይት የሚያጣሩ፤ ጣውላ የሚያጣብቁ፤ ጨርቅ የሚያደርቁና ሬንጅ የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ከፍ ያለ ሙቀት ሲያስፈልጋቸው፤ ብዙዎቹ በእንፋሎት ቦይለር ፈንታ በዘይት የሚሠራውን ማሞቂያ ይመርጣሉ። ዘይቱ ቴርማል ኦይል የሚባለው ነው። በምድጃው ውስጥ በተጠመጠመው ቧንቧ አልፎ ይግልና፤ ፓምፕ እየገፋው ሙቀቱን ለሥራ መኪናዎቹ አድርሶ እንደ ገና ወደ ምድጃው ይመለሳል። ጥቅሙም ግልጽ ነው። ለዚሁ የተሠራው ዘይት 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ግሎ እንኳ ከፍ ያለ ግፊት አያስነሣም፤ ውኃን ግን በዝግ ዕቃ 300 ዲግሪ ለማድረስ ዕቃው 86 ባር ያህል ግፊት መቻል አለበት። የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የልዩነቱን ታላቅነት ይረዳዋል።

እንግዲህ ነጋዴው ገንዘቡን ያወጣው ከዚህ ግፊት ለመራቅ ነበር። ነገር ግን ማሞቂያው አዲስ ተተክሎ የመጀመሪያው እሳት በሚነድበት ሰሞን፤ በቧንቧውና በዘይቱ ውስጥ ተሸሽጎ የቀረ ውኃ መገኘቱ የተለመደ ነው። ይህን ውኃ ቀስ ብሎ ለማውጣት የሚያልፈው አንድ ቀን፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለትና ሦስት ቀን፤ የዕቃው ዋጋ ክፍል ነው እንጂ የሠራተኛ ስንፍና አይደለም። ይህንንም ለነጋዴዎች ጋዜጣ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ መካኒኩ «ቀስ እንበል» ሲል፤ ገበያ ቀጥሮ የሚጠብቀው ባለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ያጣድፈዋልና።

ትንሽ ውኃ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፤ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ማሞቂያው ከነቧንቧው 5,000 ሊትር ዘይት ይይዛል እንበል። ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ውኃ ቢኖርበት 50 ሊትር፤ ማለት ሁለት ጀሪካን ተኩል ይሆናል። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚያድግ፤ ይኸው 50 ሊትር 80 ሜትር ኩብ ያህል እንፋሎት ይወጣዋል፤ ይህም አንድ ሰፊ የመኝታ ቤት ሳይሆን ሁለቱን የሚሞላ ነው። ይህ ሁሉ እንፋሎት በጥቂት ቅጽበት በጠባብ ቧንቧ ልውጣ ቢል፤ ከፊቱ ያገኘውን የጋለ ዘይት እየገፋ በመተንፈሻው ወደ ውጭ ይተፋዋል። የተተፋውም ዘይት ሰው ያቃጥላል፤ እሳት ካገኘም ይነዳል። ይህ ባይደርስ እንኳ ፓምፑ በዘይት ፈንታ እንፋሎት ይዞ ይንኳኳል፤ የዘይቱም ሩጫ ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ የጥበቃው መሣሪያ ደኅና ከሆነ እሳቱን ያጠፋል፤ ካልሆነ ግን በምድጃው ውስጥ የቆመው ዘይት ያርርና እንደ ከሰል ሆኖ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል።

ውኃው ከየት ይመጣል? አንደኛው ምክንያት፤ ቧንቧዎቹ ከተበየዱ በኋላ ማፍሰሳቸውንና አለማፍሰሳቸውን ለማወቅ ውኃ ሞልቶ በግፊት መፈተን ነው። ፈተናው ካለቀ በኋላ ውኃው ቢለቀቅም በየጎባጣውና በየቫልቩ ሆድ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ይቀራል። ሁለተኛው፤ ቧንቧው አፉ ሳይደፈን ክረምቱን ሜዳ ላይ መክረሙ ነው። ሦስተኛው አስመጪውን በቀጥታ የሚመለከት ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን እንናገራለን።

የዘይት በርሜል ሜዳ ላይ ቆሞ ዝናብ ሲዘንብበት፤ ውኃው በክዳኑ ከንፈር ውስጥ እንደ ሳሕን ይጠራቀማል። ቀን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ በቡሹ ዙሪያ ጥቂት ይወጣል፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ በርሜሉ መልሶ ይስባል፤ በዚያን ጊዜ የሚስበው በክዳኑ ላይ የተኛውን ውኃ ነው። ማኅተሙ ያልተነካ በርሜል ውኃ ይዞ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ዕቃው በጅቡቲም ሆነ በሞጆ ደረቅ ወደብ፤ በገዛ መጋዘናችንም ቢሆን ከጣራ ሥር ይቀመጥ። ጣራ ከታጣ በርሜሎቹ በጎናቸው ይተኙ፤ ሁለቱም ቡሾች ግራና ቀኝ ትክክል በአግድም ይዋሉ፤ እንዲህ ሲሆን ዘይቱ ከውስጥ ይሸፍናቸዋል፤ ውኃም የሚጠራቀምበት ቦታ አያገኝም። ዘይቱ ወደ ማሞቂያው በሚገለበጥበት ጊዜ ደግሞ የመሳቢያው ቧንቧ የበርሜሉን ወለል እንዳይነካ ጥቂት ከፍ ይበል፤ ውኃ ከዚህ ዘይት ስለሚከብድ የሚተኛው ከታች ነው። በየበርሜሉ ወለል የሚቀረውን ጥቂት ዘይት መጣል የሚቆጨው ሰው አለ፤ ቁጭቱ ግን ርካሽ ነው።

የማድረቁ ሥራ እንደዚህ ይከናወናል። በመጀመሪያ ባዶው ቧንቧ በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን ይነፋል፤ ዝቅ ያሉት ቫልቮችም ሁሉ ተከፍተው የቀረው ውኃ ይንጠባጠባል። ከዚያ ዘይቱ ከዝቅተኛው ቦታ ጀምሮ ቀስ እያለ ይሞላል፤ አየሩም ወደ ላይ እየተገፋ በከፍተኛው ቦታ ይወጣል። ፓምፑ እሳት ሳይነድ ዘይቱን በቀዝቃዛነቱ ለጥቂት ሰዓቶች ያዞረዋል፤ ማጣሪያውም ተፈትቶ ይጠረጋል፤ የብየዳ ቅርፊትና አሸዋ አይጠፋበትምና። ከዚህ በኋላ እሳቱ በትንሹ ይለኰሳል።

ከሁሉ በላይ በከፍታ ላይ የሚቀመጠው የመስፋፊያ ታንክ፤ ዘይቱ ሲግል የሚያብጥበት ቦታ ነው። በሥራ ጊዜ የጋለው ዘይት በእርሱ አያልፍም። በማድረቂያው ጊዜ ግን ለዚሁ የተሠራ ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱ በታንኩ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ እንፋሎቱም ከዘይቱ ተለይቶ በመተንፈሻው ይወጣል። የመተንፈሻው ጫፍ ከሰውና ከእሳት ርቆ ወደ ተቀመጠ ባዶ መቀበያ መመራት አለበት፤ ማንም ሰው ታንኩ ላይ ወጥቶ ውስጡን ልመልከት አይበል።

በዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ውኃ ጅቡቲ ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፤ ድሬዳዋ ላይ በ96፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ «በ100 ዲግሪ ተጠንቀቁ» ቢል፤ የእኛው መካኒክ ቀደም ብሎ መጠንቀቅ ይገባዋል። በሌላው በኩል ደግሞ ፓምፑ 3 ባር በሚያሳይበት ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ እስከ 140 ዲግሪ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ጸጥ ብሎ የቆየውም ውኃ ግፊት ወደሚቀንስበት ወደ ፓምፑ አፍ ወይም ወደ ታንኩ ሲደርስ ባንድ ጊዜ ይፈነዳል። ቴርሞሜትሩ መቶን ስላለፈ ብቻ ውኃው አልቋል ማለት ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይጠበቃል? ጆሮና ዓይን። ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ያህል ሲንኳኳ፤ የግፊቱም መለኪያ መርፌ ሲንቀጠቀጥ፤ እሳቱ ባለበት ይቆማል ወይም ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። ድምፁ ሲረጋና ከመተንፈሻው የሚወጣው እንፋሎት ሲሳሳ፤ ሙቀቱ አምስት ወይም ዐሥር ዲግሪ ከፍ ይደረግና እንደ ገና ይጠበቃል። ወደ ሥራ መኪናዎቹ የሚሄዱት ቅርንጫፎች፤ ተጠባባቂው ፓምፕም ሳይቀር፤ ዘይቱ ገና ሳይግል መከፈት አለባቸው። ተዘግቶ የተረሳ ቅርንጫፍ በ200 ዲግሪ ቢከፈት፤ በውስጡ የተኛው ውኃ ባንድ ጊዜ ከጋለው ዘይት ጋር ይገናኛል፤ የባሰውም አደጋ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ከተገኘ መጀመሪያ ዘይቱን ማብረድ፤ ከዚያም መክፈት ነው።

መድረቁን ለማረጋገጥ ማንኛዋም ባልትና ዐዋቂ የምታውቀው ዘዴ አለ፤ በጋለ ምጣድ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ነው። ከተንጣጣ ውኃ አለበት። ሥራው በሠለጠነ ሰው፤ በጥቂት ጠብታ፤ ዓይንን በመነጽር ሸፍኖ ይሁን። በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ፊሸር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ባወጣው መንገድ በላቦራቶሪ ያስመረምራል። ዘይቱ ከደረቀ በኋላ የማድረቂያውን ቫልቭ መዝጋት አይረሳ፤ ተከፍቶ ከቀረ የጋለው ዘይት በታንኩ ውስጥ ከአየር ጋር እየተገናኘ ይበላሻል፤ ሲቈይም ወፍሮ አተላ ይሆናል።

እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ፕሮፎርማ ሲደርሰን ዋጋውንና የመጫኛውን ቀን አይተን ማለፍ ለምደናል። የዘይት ማሞቂያ ሲገዛ ግን ሦስት ነገሮች በውሉ ውስጥ ይፈለጉ። ቧንቧው በውኃ ነው በአየር የሚፈተነው፤ በውኃ ከሆነ ማድረቁ የማን ነው? ሻጩ የሚልከው መካኒክ እስከ መቼ ይቈያል፤ ቧንቧው እስኪገጠም ወይስ ዘይቱ ደርቆ እስኪግል? በማድረቂያው ቀኖች የሚነደውን ነዳጅና የሚጐድለውን ዘይት ማን ይችላል? ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ መካኒኩ የአውሮፕላን ቲኬቱን ይዞ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር፤ የሚጣደፈው እርሱም ጭምር ይሆናል።

ማድረቁ የአንድ ጊዜ ብቻ ሥራም አይደለም። ቧንቧ ተቈርጦ ሲቀጠል፤ ማሞቂያው ክረምቱን ቆሞ ሲከርም፤ ወይም ብዛት ያለው አዲስ ዘይት ሲጨመር፤ በዚያው ሥርዐት እንደ ገና ቀስ ተብሎ ይሞቃል። የጐደለውን ለመሙላት የሚጨመረው ጥቂት ዘይትም ቢሆን አስቀድሞ በምጣድ ይፈተን፤ ሲጨመርም በሚሠራው ማሞቂያ ላይ ባንድ ጊዜ አይገልበጥ።