ያገለገለ መኪና ገዢና የብሪታንያ የምርመራ መዝገብ

በብሪታንያ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥር ብቻ ይዞ የበርካታ ዓመታት የቴክኒክ ምርመራ ውጤቶችን ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል። ይህን ያስቻለው ኤም ኦ ቲ የተባለው ዓመታዊ ምርመራ ሲሆን፣ ስያሜው ምርመራውን ካቋቋመው የትራንስፖርት ሚኒስቴር የእንግሊዝኛ መጠሪያ የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። ምርመራው በኢትዮጵያ ቦሎ ለማሳደስ ከሚደረገው ዓመታዊ ፍተሻ ጋር የሚቀራረብ ዓላማ አለው፤ በብሪታንያ ግን መኪናው ያለፈበትም የወደቀበትም ውጤት፣ ከነጉድለቱ ዝርዝር፣ ማንም ጠያቂ ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1960 ኧርነስት ማርፕልስ የትራንስፖርት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ሲጀመር የሚመለከተው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ መኪኖችን ብቻ ነበር፤ የሚፈተሹትም በዋናነት ፍሬን፣ መብራትና መሪ ነበሩ። የዕድሜው ገደብ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ1967 ሦስት ዓመት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከጊዜ ወደ ጊዜም የጎማ ጥርስ፣ የደኅንነት ቀበቶና የጭስ ልኬት ተጨምረውበታል። ዛሬ ምርመራውን የሚያካሂዱት የአሽከርካሪዎችና የተሽከርካሪዎች ደረጃዎች ኤጀንሲ ፈቃድ የሰጣቸው ከ20 ሺህ የሚበልጡ ጋራዦች ሲሆኑ፣ በሰሜን አየርላንድ ብቻ ሥራው በመንግሥት ማእከላት ይከናወናል፤ በዚያም አብዛኛው የቤት መኪና የመጀመሪያውን ምርመራ የሚያደርገው በአራተኛ ዓመቱ ነው። ለገዢ ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ የመጣው ግን ውጤቱ በወረቀት መመዝገቡ ቀርቶ በማእከላዊ ኮምፒውተር መያዝ ሲጀምር ነው፤ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የዌልስ መኪኖችን መዝገብ እስከ 2005 ድረስ ወደኋላ ማየት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ገዢዎች ከመዝገቡ የሚፈልጉት መኪናው ለመጨረሻ ጊዜ ማለፉንና የምስክር ወረቀቱ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ብቻ ነው። ይህ አነባበብ መዝገቡን ያባክነዋል። አንድ ውጤት የሚናገረው መኪናው በተፈተሸበት ቀን የሕጉን ዝቅተኛ መስፈርት ማሟላቱን ሲሆን፣ ከዓመት ወደ ዓመት የተደረደሩት ውጤቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ግን መኪናው እንዴት እንደተያዘ፣ የትኛው ክፍሉ ቀስ በቀስ እየደከመ እንደመጣ፣ ባለቤቱም የተነገረውን ምክር ሰምቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይታወቅባቸዋል።

ቀላሉና በመጀመሪያ መታየት ያለበት ነገር መርማሪው በየምርመራው ከቆጣሪው አንብቦ የሚመዘግበው የተነዳ ርቀት ነው። ለምሳሌ አንድ መኪና በ2018 24,000 ማይል፣ በ2019 33,000፣ በ2020 41,000 ተመዝግቦለት በ2021 ወደ 36,000 ዝቅ ካለ፣ ወይ ቆጣሪው ተቀይሯል፣ ወይ ቁጥሩ ሲጻፍ ስሕተት ተሠርቷል፣ አለዚያም መኪናው ብዙ ያልተነዳ ለማስመሰል ቆጣሪው ወደኋላ ተመልሷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምክንያቶች ሻጩ በደረሰኝ ወይም በጋራዥ ማስታወሻ ሊያስረዳ ይችላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ቁጥር ወደ ቀድሞው መስመር ከተመለሰ ደግሞ የጽሕፈት ስሕተት የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ከውጭ በገቡ መኪኖች ላይ ኪሎሜትርና ማይል መደባለቁም የተለመደ ሲሆን፣ 100,000 ኪሎሜትር ወደ 62,000 ማይል ገደማ ስለሚሆን በቁጥሮቹ መካከል የሚታየው ዝላይ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። ይሁንና ይህ የርቀት መዝገብ ከባድ ክፍተት አለው፤ መኪናው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ስለማይመረመር፣ በእነዚያ ዓመታት ለሥራ ብዙ ተነድቶ ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት ቆጣሪው የተመለሰ መኪና በመዝገቡ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። የሦስትና የአራት ዓመት መኪና የሚገዛ ሰው ስለዚህ በየጊዜው ዘይት የተቀየረበትንና ሰርቪስ የተደረገበትን ደብተር መጠየቅ ይኖርበታል።

ከርቀቱ ይልቅ ብዙ የሚናገረው የጉድለቱ ዝርዝር ነው። ከ20 ሜይ 2018 ወዲህ መርማሪዎች ጉድለትን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ አደገኛ የተባለው መኪናው ሳይጠገን እንዳይነዳ የሚያደርግ፣ ከባድ የተባለው ምርመራውን የሚያስወድቅ፣ ቀላል የተባለው ደግሞ ሳያስወድቅ ቶሎ እንዲጠገን የሚያስገድድ ጉድለት ነው። ከእነዚህ ውጭ ገና ጉድለት ያልሆነ ነገር ግን ወደዚያ እያመራ ያለ ነገር በማሳሰቢያ መልክ ይጻፋል። ከ2018 በፊት የነበሩት ውጤቶች ይህ ክፍፍል ስለሌላቸው የቆየ መዝገብ የሚያነብ ሰው ሁለቱን ዘመናት በአንድ ሚዛን ማየት አይገባውም።

የመዝገቡ ትልቁ ሀብት እነዚህ ማሳሰቢያዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ሻጩ ምስክር ወረቀቱን ሲያሳይ የሚያልፋቸው፣ መርማሪው ግን በዓይኑ አይቶ የጻፋቸው ናቸው። የፊት ጎማው ጥርስ ሕጉ ለመኪና ወደወሰነው 1.6 ሚሊሜትር መጠጋቱ አንድ ጊዜ ቢጻፍ የተለመደ እርጅና ነው፤ በተከታታይ ዓመታት ጎማው በውስጥ ጠርዙ ብቻ መበላቱ ከተጻፈ ግን ጎማ መቀየር መፍትሔ እንዳልሆነና የእግሩ አሰላለፍ ወይም ከሥሩ ያሉት መጋጠሚያዎች ችግር እንዳለባቸው ያመለክታል። የፍሬን ቱቦ ወይም የሻንሲ ዝገት ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ በላይ ትኩረት ይሻል። በክረምት በረዶ እንዲቀልጥ በመንገዶች ላይ ጨው በሚበተንባት ብሪታንያ የመኪና ሥር መዛግ የታወቀ ነው፤ አንድ ዓመት ላይ ላዩን ዝጓል የተባለ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት በጣም ዝጓል ተብሎ፣ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ምንም ሳይጻፍበት ቢታለፍ፣ ወይ በብየዳ ተጠግኗል፣ ወይ በጥቁር ቅባት ተሸፍኗል፣ ወይም መኪናው ወደ ሌላ መርማሪ ተወስዷል። የኤጀንሲው መዝገብ የመኪናውን የምዝገባ ደብተር ቁጥር ለያዘ ሰው ምርመራው የተካሄደበትን ጋራዥ ጭምር ስለሚያሳይ ጥያቄውን እስከዚያ ድረስ መከተል ይቻላል። በከባድ ዝገት የወደቀ መኪና በዚያው ዕለት አልፎ ከተገኘም እንዲህ ያለው ሥራ ብየዳ ስለሚጠይቅ ማን እንደሠራው መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመዝገቡ ውስጥ የሚታይ የጊዜ ክፍተትም የራሱ ትርጉም አለው። መኪናው ከመንገድ መውጣቱ ለመንግሥት ተነግሮ ለዓመታት ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ የሰነበተ መኪና የጎማው ጎን ይሰነጠቃል፣ የፍሬኑም ዲስክ ይዝጋል። በ2020 ግን በወረርሽኙ ምክንያት ከ30 ማርች ጀምሮ ጊዜያቸው ለሚያበቃ ምስክር ወረቀቶች የስድስት ወር ማራዘሚያ ተሰጥቶ ስለነበር በዚያ ዓመት የሚታይ መዘግየት ባለቤቱን የሚያስወቅስ አይደለም።

መዝገቡን አብዝቶ ማመንም አደጋ አለው። ምርመራው የደኅንነትና የጭስ ምርመራ እንጂ የመኪናውን ዋጋ የሚተምን ግምገማ አይደለም፤ ሞተሩ ዘይት የሚበላ፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀ፣ ካምቢዮው የሚያስቸግር መኪና ያለ አንዳች ማሳሰቢያ ሊያልፍ ይችላል። መርማሪው ክፍሎችን ፈትቶ እንዲመለከት ስለማይፈቀድለትም በላስቲክ ሽፋን ሥር ያለ ዝገት ከዓይኑ ሊያመልጥ ይችላል። መኪናው በአደጋ ተጎድቶ በመድን ድርጅት የተወገደ ወይም ባልተከፈለ ብድር የተያዘ መሆኑም በዚህ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ይህ በክፍያ ከሚሰጡ ሌሎች የመረጃ አገልግሎቶች የሚፈለግ ነው። ብድሩ ሳያልቅ የተሸጠ መኪና ከገዢው እጅ ሊወሰድ ስለሚችል ለዚህ ፍለጋ የሚወጣው ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚነበበው መዝገብ በገዢው ፊት የቆመው መኪና መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ምክንያቱም የአንድ ደኅና መኪና ሰሌዳ ተመሳስሎ ተሠርቶ በተሰረቀ ሌላ መኪና ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ገዢው በመዝገቡ ላይ የሚታየውን ዓይነት፣ ቀለም፣ የነዳጅ ዓይነትና መጀመሪያ የተመዘገበበትን ቀን ከመኪናው ጋር፣ በመኪናው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥርም ከምዝገባ ደብተሩ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። በለንደንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ልዩነት አለ፤ በኢትዮጵያ ሊብሬ የባለቤትነት ማረጋገጫ ሆኖ ሲያገለግል፣ የብሪታንያው ደብተር የሚያሳየው ለመኪናው ተጠያቂ ሆኖ የተመዘገበውን ሰው ብቻ ሲሆን ባለቤትነትን አያረጋግጥም፤ በደብተሩ ላይ ስሙ ያለበት ሰው ሁሉ የመሸጥ መብት አለው ማለትም አይደለም።

መዝገቡ ጥርጣሬ ከፈጠረ ገዢው ያለው ምስክር ወረቀት ጊዜው ባያልፍም መኪናው በሌላ ጋራዥ እንደገና እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል፤ ለአንድ የቤት መኪና የሚጠየቀው ከፍተኛ ክፍያ በሕግ 54.85 ፓውንድ ላይ የተወሰነ ነው። መኪናው ቢወድቅ ውጤቱ ወዲያውኑ በዚያው መዝገብ ላይ ገብቶ ለሚቀጥለውም ገዢ ስለሚታይ፣ በመኪናው የማይተማመን ሻጭ ይህን ጥያቄ በቀላሉ አይቀበልም።