የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የአይስ ሆኪ ቡድንና በ2025 ለጀመረው ዘመን የነበረው ተስፋ

በእኛ አካባቢ ስፖርት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እግር ኳስና ሩጫ ነው። ሆኖም ናይሮቢ ውስጥ በሞምባሳ መንገድ የሚገኘው የፓናሪ ሆቴል የበረዶ ሜዳ ስላለ፣ አይስ ሆኪ ለከተማችን ልጆች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ኬንያም በ2024 የዓለም አቀፉ የአይስ ሆኪ ፌዴሬሽን ተባባሪ አባል ሆናለች። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ግን ጨዋታው ሥር በሰደደበት በአሜሪካ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2025 ለጀመረው የውድድር ዘመን የነበረው ተስፋ እንዴት እንደሚመዘን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው በአንድ ነገር የገና ጨዋታን ያስታውሳል፤ ተጫዋቾቹ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይይዛሉ። በሩሯ ፈንታ ግን ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ የጎማ ክብ አለች፤ ሜዳውም በረዶ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሰለፋል። ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ በሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜያት ይከናወናል። ሩጫው አድካሚ በመሆኑ ተጫዋቾች በየደቂቃው ገደማ እየተቀያየሩ ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ጎበዝ ብቻውን ቡድን ሊሸከም አይችልም።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በጥቅምት ወር መጀመሪያ አካባቢ ተጀምሮ በሚያዝያ ያበቃል። በመጨረሻ የተሻሉ 16 ቡድኖች ተመርጠው በጥሎ ማለፍ ይገናኛሉ። ዋንጫውን ለማንሳት በተከታታይ አራት ጨዋታ ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኩል ለእኩል ከሆነም ጭማሪ ሰዓት ተሰጥቶ ቀድሞ ያገባው ያሸንፋል።

ዴንቨር በኮሎራዶ ግዛት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከናይሮቢ ጥቂት ዝቅ ትላለች። የዩኒቨርሲቲዋ የወንዶች ቡድን በ2024 ለ10ኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን፣ 9 ዋንጫ ያለውን ሚሺጋንን በልጦ የውድድሩ ባለ ብዙ ድል ሆነ። በ2025 ግን በግማሽ ፍጻሜው በዌስተርን ሚሺጋን 3 ለ 2 ተሸነፈ። ያ ጨዋታ ያለቀው በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት ነው። ዌስተርን ሚሺጋንም ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 6 ለ 2 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ።

እንግዲህ በጥቅምት 2025 ለጀመረው ዘመን ምን ይጠበቅ ነበር? የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ሄደ የሚለው ነው። የትምህርት ቤት ቡድን ከክለብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ምርጦቹን በየዓመቱ ማጣቱ አይቀርም። አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ፤ ሌሎቹን ደግሞ የሙያ ክለቦች ይወስዷቸዋል። አጥቂው ጃክ ዴቫይንና አምበሉ ካርተር ኪንግ የኮሌጅ ጊዜያቸውን ጨርሰዋል። ተከላካዩ ዚቭ ቡዪየም ገና ሁለት ዓመት ተጫውቶ ለሚኒሶታ ዋይልድ ፈርሟል። በሌላ በኩል፣ ሳን ሆዜ ሻርክስ የመለመለው ተከላካይ ኤሪክ ፖልካምፕ ለሦስተኛ የኮሌጅ ዓመቱ ተመልሷል። ስለዚህ የኋላው መስመር ቢሳሳም አልፈረሰም።

ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ የበረኛው ነው። በ2024 ዴንቨር በአራቱ የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች የተቆጠረበት ሦስት ግብ ብቻ ነበር። ማሳቹሴትስን፣ ኮርኔልንና ቦስተን ዩኒቨርሲቲን እያንዳንዳቸውን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ከእነዚህም ሁለቱ ያለቁት በጭማሪ ሰዓት ነው። በፍጻሜው ቦስተን ኮሌጅን 2 ለ 0 ሲረታ በረኛው ማት ዴቪስ 35 ኳስ አድኗል። በአይስ ሆኪ ጥሩ በረኛ የደካማ ምሽትን ስህተት ይሸፍናል። ዴቪስም ጊዜውን ጨርሶ ሄዷል፤ የእሱን ያህል የጥሎ ማለፍ ልምድ ያለው ተተኪ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

ሦስተኛው ጉዳይ አዲስ ደንብ ነው። ቀድሞ በካናዳ ዋና የወጣቶች ሊግ የተጫወተ ልጅ እንደ ባለሙያ ተቆጥሮ በአሜሪካ ኮሌጅ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። በኅዳር 2024 በተላለፈው ውሳኔ መሠረት፣ ከነሐሴ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሩ ተከፍቷል። ለዴንቨር ይህ የተጎዱ ቦታዎችን ለመሙላት ዕድል ይሰጣል፤ ነገር ግን ተፎካካሪዎቹም በዚያው በር ይገባሉ። ለምሳሌ ፔን ስቴት በዕድሜው ካሉት ሁሉ ብዙ የሚነገርለትን ካናዳዊውን ጋቪን ማኬናን አግኝቷል።

አራተኛው፣ ማን ቀረ የሚለው ነው። ከቀሩት ሁሉ ትልቁ አሰልጣኙ ዴቪድ ካርል ነበር። በ2008፣ በ18 ዓመቱ፣ ለሙያ ሊጉ ምልመላ በተደረገለት ምርመራ የልብ ጡንቻ ሕመም ተገኘበትና ጨዋታ ማቆም ግድ ሆነበት። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ግን ቃል የገባለትን ነጻ የትምህርት ዕድል አልነጠቀውም። ተማሪ ሳለ አሰልጣኞቹን እየረዳ ሙያውን ተማረ፤ በ2018 ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ በ2022ና በ2024 ዋንጫ አነሳ። በ2025 ስሙ ከሙያ ክለቦች ጋር ሲነሳ ቆይቶ በዩኒቨርሲቲው ለመቆየት ወስኗል። ወላጆች ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው። ልጅ በስፖርት የትምህርት ዕድል ሲያገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ «ልጄ ቢታመም ወይም ቢጎዳ ዕድሉ ይቀጥላል ወይ?» የሚለው ነው።

እነዚህን አንድ ላይ ስንመዝን፣ ዴንቨር ከ16ቱ ቡድኖች አንዱ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። አሰልጣኙ ነበረ፤ ተተኪ የማፍራት ልምዱም ነበረ። ዋንጫውን ያነሳል ብሎ መማል ግን አይቻልም ነበር፤ የ2024ቱ ድልም የ2025ቱ ሽንፈትም በአንዲት ግብ ልዩነት ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩና።

በዚያ ዘመን ውድድሩን ለመከታተል ለፈለገ ተማሪ ሦስት ነገር መመልከት ይበጀው ነበር፦ አዲሱ በረኛ በመጀመሪያው ወር ስንት ግብ እንደሚቆጠርበት፣ በቡዪየም ቦታ ማን እንደሚሰለፍ፣ ከዌስተርን ሚሺጋን ጋር የሚደረጉት ጨዋታዎች እንዴት እንደሚያልቁ። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ምድብ ስለሚወዳደሩ መገናኘታቸው አይቀርም፤ የዘመኑን አቅጣጫም ከማንም ቀድሞ ይነግራል ተብሎ የሚጠበቀው ያ ጨዋታ ነበር።