«ዓሣው ባሕር ውስጥ ቀርቷል»፤ እናቴ በሲሲሊዎች ገበታ

እናቴ ሮም በገባች በስድስተኛው ቀን ማታ፣ የእህቴ ልጅ ከተኛ በኋላ፣ «እኔን ወደ አገሬ መልሱኝ» አለች።

እኔና እህቴ ተያየን። እናታችን የመጣችው ፋሲካን ከልጇና አይታው ከማታውቀው የልጅ ልጇ ጋር ልትውል ነው። ከፍላቂት ተነሥታ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ወልዲያ፣ ከወልዲያ በደሴ አድርጋ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ከእኔ ጋር በአውሮፕላን ሮም። እህቴ ለቲኬቱ ዓመት ሙሉ ቆጥባለች። «ምን ጎደለብሽ፣ እማ?» ብላት መጀመሪያ ብርዱን አመካኘች። የፍላቂትን ውርጭ ችላ የኖረች ሴት የሮም መጋቢት በረዳት ቢባል ማን ያምናል? ጥቂት ዝም አለችና እውነቱን አወጣችው።

«ልጁ ተጠየፈኝ።»

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ሮም ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን በአማርኛ ጀምሮ በጣልያንኛ ይጨርሳል። አያቱን «ኖና» ይላታል፤ በጣልያንኛ አያት ማለት ነው። እናቴ በመጣች ማግስት፣ ከፍላቂት ያመጣችውን ሽሮ ሠርታ ስታቀርብለት አፍንጫውን ይዞ ተነሣ። «ሽታው ልብሴ ላይ ይቀራል፤ ትምህርት ቤት ይስቁብኛል» አለ ለእናቱ፣ በጣልያንኛ። እናቴ ቋንቋውን አታውቅም፤ አፍንጫ መያዝ ግን አስተርጓሚ አያሻውም። ከዚያ ወዲህ እሱ ወጥ ሲሠራ የክፍሉን በር ይዘጋል፣ እሷም እሱ ከትምህርት ቤት ከመመለሱ በፊት የምትቀምሰውን ቀማምሳ ታነሣሣለች።

የምትቀምሰውም ቢሆን ይህን ያህል አልነበረም። ጊዜው ሑዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ከዚያም በኋላ ከሱቅ የመጣውን ሁሉ «ቅቤ ይኖረዋል፣ ዕንቁላል አያጣውም» እያለች ትጠረጥራለች። በስድስት ቀን ውስጥ ከቆሎ፣ ከሻይና ከደረቅ ዳቦ ሌላ እምብዛም አልበላችም።

መጋቢት መስቀልና የአባቶች ቀን

በማግስቱ መጋቢት 10 ነበር። ለእናቴ ይህ ትልቅ ቀን ነው፤ ቁፋሮው መስከረም 17 ተጀምሮ መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ነውና። ጣልያኖች ደግሞ በዚያው ቀን፣ በእነሱ ማርች 19፣ የቅዱስ ዮሴፍን በዓል ያከብራሉ፤ የአባቶች ቀናቸውም ያው ነው። የልጁ አባት የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ያን ሳምንት ሰሜን ጣልያን ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት የሠራትን ካርድ ይዞ መጣና «ዘንድሮ በአባቴ ፈንታ አጎቴ እራት ይውጣ» አለ።

እህቴ የምትሠራው ባዳንቴ ሆና ነው፤ አረጋውያንን ቤታቸው ሆኖ የሚንከባከብ ሰው በጣልያን እንዲህ ይባላል። የምትጦራቸው ሴትዮ የሲሲሊ ሰው፣ የፓሌርሞ ተወላጅ ናቸው። «እማን ወደ ሲሲሊዎች ምግብ ቤት እንውሰዳት። ሥጋና አይብ የሌለበት ገበታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው» አለች።

እናቴ አሻፈረኝ አለች። ምክንያቷ ጾሙ ብቻ አልነበረም። አባቷ በጣልያን ወረራ ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ። ደጃዝማች ወንድወሰን ካሳ በላስታ ሲዋጉ ቆይተው በ1929 ዓ.ም ተይዘው የተገደሉበትን ጊዜ እያነሡ ነው ያሳደጓት። «አባቴ የጣልያንን እንጀራ አልበላም ብሎ ዋሻ ያደረ ሰው ነው። እኔ በገዛ እግሬ ገብቼ ልብላ?» አለች።

እህቴ ቀስ ብላ፣ «እማ፣ እኔ የጣልያንን እንጀራ መብላት ከጀመርኩ እኮ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» አለቻት።

እናቴ መልስ አልሰጠችም። ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች።

የድሃ አገር ገበታ

ምግብ ቤቱ ሳን ሎሬንዞ ነው፤ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ የማይርቅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚበዛበት ሰፈር። የሮም ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ከምሳ በኋላ ወጥ ቤታቸውን ዘግተው ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይከፍታሉ። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ለሚፈታ ጿሚ የሚመቸው እራት ነው። አሥር ያህል ጠረጴዛ፣ ጨርቅ ሳይሆን ወረቀት የለበሰ፤ የዕለቱ ምግብ ከነዋጋው በር ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ፣ ሽርጥ የታጠቁ ሴትዮ ናቸው። የእናቴን ነጠላ አይተው ከሁሉ በፊት ለእሷ ወንበር ሳቡላት።

ስለ ሲሲሊ ጥቂት ልበል። በሜዲትራንያን ባሕር ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቋ ናት፤ ከጥንት ጀምሮ በስንዴዋ ትታወቃለች። ከ9ኛው እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐረቦች ገዝተዋታል፤ በምግቧ ላይ ያሳረፉት አሻራ ዛሬም አለ። በፓሌርሞ ቤተ መንግሥት የነበረው ዐረባዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ አል ኢድሪሲ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1154 በጻፈው መጽሐፍ፣ በደሴቲቱ ደረቅ ፓስታ እየተሠራ በመርከብ ወደ ሌላ አገር እንደሚላክ መዝግቧል። ይህ እንግዲህ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጥቂት ቀደም ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ሲሲሊ ብዙ ድህነት አይታለች፤ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እጅግ ብዙ ልጆቿ ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። ምግቧ ሥጋ ያልተረፈው ሰው የፈለሰፈው ምግብ ነው።

መጀመሪያ የቀረበልን «ማኮ» ይባላል። የተከካ ደረቅ ባቄላ እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ የወይራ ዘይት ፈሶበት፣ የዱር እንስላል ተነስንሶበት። እናቴ ሳትቀምሰው አሸተተችው።

«እንስላል ነው!» አለች። ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። «ባቄላ ነው። ምን ጨመሩበት? ቅቤ አለው?»

ባለቤቷን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። እህቴ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ያዝኳትና ልጁን «አንተ ጠይቅልን» አልኩት። ጠየቀ። መልሱን ይዞ ወደ አያቱ ዞረና በአማርኛ ይፈልገው ጀመር። «ኖና፣ ቅቤ... የለም። ዘይት ብቻ። ባቄላው... ሌሊት ውኃ ውስጥ ተኛ።»

«ተዘፍዝፎ አደረ በል» አለችው እናቴ። «ተዘፍዝፎ አደረ» አለ።

ቀጥሎ «ፓኔሌ» መጣ። የፓሌርሞ የመንገድ ዳር ምግብ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት እንደ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ተዳምጦ ሲቀዘቅዝ ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል። ልጁ ሁለቱን ወዲያው ዋጠ። ከጎኑ የቀረበው «ካፖናታ» የተጠበሰ ደበርጃን ነው፤ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከወይራ ፍሬ ጋር በኮምጣጤና በስኳር ይሠራል። ጣፋጭና ኮምጣጣ በአንድ ላይ ስለሆነባት እናቴ እሱን አልወደደችውም። «ይኼስ ይቅርብኝ» ብላ ወደ እኔ ገፋችው።

የዕለቱ ፓስታ ሰርዲን ያለበት ነበር። እናቴ በሑዳዴ ዓሣ እንደማትበላ ልጁ ሲነግራቸው ሴትዮዋ ሳቁ። «እንግዲያው ዓሣውን ባሕር ውስጥ እንተወዋለን» አሉ። ቀልድ መስሎን ነበር፤ ለካ በሲሲሊ የታወቀ ምግብ ነው። ሰርዲን መግዛት ያቃተው ሰው ያንኑ ፓስታ በእንስላሉ፣ በዘቢቡና በሌላው ቅመም ሁሉ ሠርቶ፣ ስሙን «ዓሣው ባሕር ውስጥ የቀረበት ፓስታ» ይለዋል። በላዩ ላይ በአይብ ፈንታ በዘይት የተቆላ የዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል። በቅዱስ ዮሴፍ ቀን ፍርፋሪው አናጺው ዮሴፍ ሲጠርብ የሚረግፈውን የእንጨት ብናኝ ያስታውሳል ይላሉ። በዚያ በዓል በሲሲሊ መንደሮች ትልቅ ገበታ ይዘረጋል፤ መጀመሪያ የሚቀርቡትም ድሆች ናቸው።

ልጁ ይህን እየተርጎመ ሲጨርስ እናቴ እጇን አጨበጨበች። «ዝክር ነው በሉኛ! የዮሴፍ ዝክር!» ከዚያ ወደ ልጁ ጠጋ አለች። «ለእኚህ እናት ንገርልኝ። እኛም ዓሣ ሳይኖረን ዓሣ እንበላለን። የሽምብራ ዱቄት በዘይት አሽተን፣ በዓሣ ቅርጽ ሠርተን፣ ጠብሰን ወጥ ውስጥ እንጨምረዋለን። የሽምብራ ዓሣ ይባላል በላቸው።»

ልጁ አፉን ከፍቶ አያት። «ኖና፣ የእውነት ዓሣ ይመስላል?»

«ዓይንም እናወጣለታለን።»

ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለቱ አሮጊቶች ስለ ሽምብራ ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ፤ ልጁም በመካከላቸው ሆኖ ላብ እስኪያጠምቀው ተረጎመ። በ1282 ሲሲሊዎች በፈረንሳዮች ላይ ባመፁ ጊዜ፣ የተያዘን ሰው በሲሲሊኛ ሽምብራ ማለት የሆነውን «ቺቺሪ» በል ይሉት ነበር፤ አስተካክሎ ካልጠራው ፈረንሳዊነቱ ይታወቅበታል የሚለውን የቆየ ተረክም ነገሩት። እናቴ ስትሰማ «ታዲያ አንተም "ፍላቂት" በል እስቲ» አለችው። «ፍላኪት» አለ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ሒሳቡ ለአራታችን 60 ዩሮ አልሞላም። ለአዲስ አበባ ኪስ ቀላል አይደለም፤ በሮም ዋጋ ግን እህቴ በወር አንድ ቀን ልትችለው የምትችለው ነው።

መስኮት የከፈተው ማን ነው?

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴና ልጁ ከፊት ሄዱ። እህቴ ክንዴን ያዘችና፣ «ታውቃለህ፣ ልጁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሽሮ ስሠራ መስኮት ሁሉ እከፍታለሁ። ካፖርቱን ሽታ እንዳይዘው ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ጓደኞቹ ሲመጡ ወጡን እደብቅና ፒዛ አዛለሁ። እሱ ያየውን ነው ያደረገው።»

ይህን የጻፍኩት ለዚህች ንግግሯ ስል ነው። የዚያች ምግብ ቤት ባለቤት የሚያቀርቡት የድሃ ምግብ ነው፤ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ የዳቦ ፍርፋሪ። ግን መስኮት ከፍተው አልሠሩትም፤ ታሪኩን እየነገሩ በሙሉ ልብ አቀረቡት፤ ልጁም በሙሉ ልብ በላ። እዚህ አገር ቤትም ቢሆን ልጆቻችን በሶና ቆሎ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት፣ እንግዳ ሲመጣ እኛ ራሳችን ደብቀናቸው እያዩ አይደለም?

በቀጣዩ ቅዳሜ እህቴ ከሰፈሯ ሱቅ የሽምብራ ዱቄት ገዛች። እናቴና ልጁ ወጥ ቤት ገብተው ዓሣ ሠሩ። የእሱ ዓሣ ሦስት ዓይን ነበረው። ወጡን ወደ ዳር ገፍቶ ዓሣውን ብቻ በላ። ሽሮውን ዛሬም አይበላም። እናቴ ግን ስለ መሄድ አላነሣችም፤ ፋሲካን ውላ፣ ዳግማይ ትንሣኤን አሳልፋ ተመለሰች። አሁን ስልክ ሲደወልላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፍላቂት በል» ነው። «ቂ»ዋ ገና አልመጣችም፤ እየተቃረበች ነው።

ለቤታችሁ

ፓኔሌን ለመሥራት ግማሽ ኪሎ ጥሬ የሽምብራ ዱቄት፣ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ጨውና ተከትፎ የደቀቀ ፐርስሜሎ ይበቃል። ሽሮ አይሆንም፤ ቅመም የሌለው ዱቄት ነው የሚፈለገው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ እብጠት እንዳይኖረው በጥብጡ፤ በመካከለኛ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉ። ከድስቱ መላቀቅ ሲጀምር ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ በስሱ ደልድሉት። ሲቀዘቅዝ ልጆቹ በፈለጉት ቅርጽ ይቁረጡት፤ እናንተ በጋለ ዘይት ጥበሱት።

ጾም ላይ ሆናችሁ ጣልያን ምግብ ቤት ብትገቡ፣ ደረቅ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴና ከውኃ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ትኩስ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ዕንቁላል አለው። ስጎው ውስጥ አይብ ወይም የደቀቀ ዓሣ እንዳይኖር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሲቻል ጠያቂው ልጁ ይሁን፤ ለአያቱ የሚያስረዳውም እሱው።