ከጀግናው ኋላ የቆመው ሰው



ይህ የአንባብያን ዓምድ ስለ መንገድ፥ ስለ ውሃ፥ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚጻፉ ቁም ነገሮችን ሲያስተናግድ የኖረ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ለአንዳንዱ አንባቢ የልጅ ጨዋታ መስሎ እንደሚታየው አላጣሁትም። ሆኖም ከብዙ ዘመን ጀምሮ በልቤ ሲመላለስ የኖረ ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ቦታ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዬ ስለ ሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ነው፤ ይልቁንም በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከጀግናው ኋላ ቆመው ስማቸው እምብዛም ስለማይነሣ ሰዎች ነው።

የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ማለቴ አንድን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተከታታይ ሥዕሎች የሚተርክ፥ የሰዎቹም ንግግር ከአፋቸው እንደ ጉም በወጣ ክብ ውስጥ የሚጻፍበት መጽሐፍ ነው። አሜሪካኖች ኮሚክ ይሉታል። ኢጣልያኖች ፉሜቲ ይሉታል፤ ትርጉሙም ትናንሽ ጭሶች ማለት ነው። ከአፍ ስለሚወጣው ስለዚያ ጉም የተሰጠ ስም ነውና፥ ከወጡለት ስሞች ሁሉ ለእኔ ደስ የሚለኝ ይኸኛው ነው። ነገሩ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የእኛም ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በ44 ሥዕሎች ከፋፍለው፥ ከየሥዕሉም ጋር አጭር ጽሑፍ እያኖሩ ሲያቀርቡልን ኖረዋል። በዚያ ሸራ ላይ ሰው ሁሉ ንጉሡንና ንግሥቲቱን ሲመለከት፥ የእኔ ዐይን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያርፈው በንግሥቲቱ ደንገጡር ላይ ነበር።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ወረቀት ማስቀመጥ እንጀራዬ ስለ ሆነ ወረቀት ሲጣል ማየት አልወድም። ዛሬ በቤቴ ያሉት የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ከአራት መቶ ይበልጣሉ፤ የሚበዙትም በኢጣልያንኛና በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው። የገዛኋቸው ከምናለሽ ተራ፥ ከለገሃርና ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ነው። አንዳንዱን ከአገር ለቀው የሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች ከቤት ዕቃ ጋር ጥለውት፥ አንዳንዱንም በባለሱቅ ሚዛን ላይ በኪሎ ሲሸጥ አግኝቼዋለሁ። አንድ ቀን ከመንገድ ዳር የገዛሁት ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ብፈታው፥ ቴክስ የተባለው የኢጣልያኖች ካውቦይ ከነሽጉጡ ብቅ አለ፤ ጓደኛው ኪት ካርሰን ግን ወረቀቱ ስለ ተቀደደ ከወገቡ በታች ብቻ ቀርቶ ነበር። ወዲያው ወደ ሴትዮዋ ተመልሼ የቀሩትን ገጾች እንድትሸጥልኝ ጠየቅኋት። ቆሎውን ትቶ መጠቅለያውን የሚገዛ ሰው አይታ ስለማታውቅ ዋጋውን ለመናገር ጥቂት ተቸገረች።

የሥራ ባልደረቦቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ‹‹ታዲያ ይህ ምን ያወጣል?›› እያሉ ነው። ለእነዚህ የምነግራቸው ታሪክ አለኝ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት በ1938 የወጣው መጽሐፍ ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ከዚሁ ዕትም አንዱ ቅጂ በ2024 በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ምክንያቱ የሥዕሉ ማማር አይደለም፤ ከጥፋት የተረፉት ጥቂት መሆናቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ልጆች ለጦሩ ሥራ አሮጌ ወረቀት እንዲያዋጡ ሲጠየቁ መጽሐፎቻቸውን በጉያቸው ይዘው እየሄዱ አስረከቡ። ከጦርነቱም በኋላ ልጆችን ያበላሻል ተብሎ በአንዳንድ ከተማ በአደባባይ ተቃጠለ፤ በ1954 ደግሞ ነገሩ እስከ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደርሶ ተመረመረ። የእኔ መጻሕፍት ይህን ዋጋ አያወጡም፤ እንዲያወጡም አልመኝም። ባለቤቴ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አትስማማም።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ። ጀግናውን ሁሉም ያውቀዋል። ጀግና አይሞትም፥ አያረጅም፥ በመጨረሻው ገጽ እንደሚያሸንፍም ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። ከኋላው የቆመው ሰው ግን ምን እንደሚደርስበት አይታወቅም፤ ሠዓሊውም ስለ ሌላው ዓለም በእውነት የሚያስበውን ሳይጠነቀቅ የሚያወጣው በእርሱ ላይ ነው። ለምሳሌ ማንድሬክን ልጥቀስ። ይህ ሊ ፎልክ የተባለ አሜሪካዊ በ1934 የፈጠረው ባለ ረጅም ባርኔጣ አስማተኛ ነው። አጠገቡ ሎታር የሚባል ጉልበተኛ አፍሪካዊ አለ። በታሪኩ መሠረት ሎታር ልዑል ነው፤ ዙፋኑን ትቶ አስማተኛውን ተከተለ ይባላል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ይህ ልዑል የነብር ቆዳ ለብሶ፥ የቱርክ ቆብ ደፍቶ፥ እንግሊዝኛ እየሰባበረ የሚናገር አሽከር ሆኖ ይታያል። በ1965 ፍሬድ ፍሬድሪክስ የተባለ ሠዓሊ ሥራውን ከተረከበ በኋላ ግን አነጋገሩ ተቃና፥ አለባበሱም ተለወጠ። ማንድሬክ ያው ማንድሬክ ነው። በእነዚያ 30 ዓመታት ዓለም መለወጥዋን ለማየት የሚፈልግ ሰው ሎታርን ይመልከት።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ኩሽ ነው።

ኩሽ የሚገኘው ኢጣልያዊው ሁጎ ፕራት በጻፋቸውና በሣላቸው መጻሕፍት ውስጥ ነው። የፕራት ዋና ጀግና በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኮርቶ ማልቴዝ የሚባል መርከበኛ ነው። ይህ መርከበኛ ልጅ ሳለ በመዳፉ ላይ የዕድል መሥመር የለህም ቢባል በአባቱ ምላጭ ራሱ መሥመሩን ያወጣ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በዓለም ላይ የማያውቀው የለም። በ1972 እና በ1973 ፕራት ፒፍ ለተባለው የፈረንሳይ የልጆች መጽሔት አራት የኮርቶ ታሪኮችን አቀረበ፤ ታሪኮቹም ተሰብስበው በኢትዮጵያ ስም በተሰየመ መጽሐፍ ወጡ። ስሙ ከይዘቱ ሰፋ ይላል። የመጀመሪያው ታሪክ በየመን፥ ሁለተኛው በእንግሊዝ ሶማሌላንድ፥ የመጨረሻው ጀርመኖች ይገዙት በነበረው በዛሬው ታንዛንያ የሚፈጸም ነው፤ የእኛ ድርሻ ሦስተኛው ብቻ ነው። ዘመኑም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማለቂያ ነው።

ኩሽ ሙስሊም ተዋጊ ነው። ቆላውን እንደ ቤቱ ያውቃል፥ ሃይማኖቱን አጥብቆ ይይዛል፥ ለነጭ ሰውም አያጎበድድም። ከኮርቶ ጋር ይጓዛል እንጂ ኮርቶን አይከተልም። ሻንጣ አይሸከምም፥ ሲያሰኘው ይከራከረዋል። ጠላቱን ያለ ርኅራኄ የሚገድል ስለ ሆነ ደግ ሰው ነው ብዬ ልመሰክርለት አልችልም። ነገር ግን ስለ ምን እንደሚዋጋ ያውቃል፤ ኮርቶ ግን ስለ ምን እንደሚዋጋ ሲጠየቅ በቀልድ የሚያልፍ ሰው ነው። እኔ ገጹን ስገልጥ በዝምታ ቆሞ የሚመለከተውን ኩሽን ፈልጌ አያለሁ፤ መርከበኛውን ቆይቼ እደርስበታለሁ። ፕራት በ1969 በጀመረው የበረሃ ጊንጦች በተባለው ሌላ ሥራው ውስጥም ኩሽ ተመልሶ ይመጣል፤ ያ ታሪክ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ሲሆን ከሰሜን አፍሪካ በረሃ ተነሥቶ እስከ ቀይ ባሕር ቆላ ይደርሳል።

አንድ በቬኒስ ያደገ ሰው ይህን ተዋጊ ከየት አገኘው? ነገሩ እኛንም የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ላስረዝመው። ፕራት በ1927 ሪሚኒ ተወለደ። አባቱ የፋሽስት መንግሥት ወታደር ነበር። ኢጣልያ አገራችንን ከወረረች በኋላ በ1937 እናቱ ልጇን ይዛ ወደ ባልዋ ወደ ኢትዮጵያ መጣች፤ ልጁ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበር። 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ልብስ አስለበሰው። በ1941 የፋሽስቱ አገዛዝ ሲወድቅ አባትየው በእንግሊዞች እጅ ተማረከ፤ በ1942ም በምርኮ እንዳለ በበሽታ ሞተ። እናትና ልጅ በድሬዳዋ በሚገኝ የእስረኞች ሠፈር ታሰሩ። በዚያ ሠፈር ልጁ ከዘበኞቹ ላይ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ይገዛ ነበር። የገዛ መንግሥቱ ከ1938 ጀምሮ አብዛኛውን የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ በኢጣልያ እንዳይታተም ከልክሎ ነበርና፥ ያን መንግሥት ድል ያደረጉት ሰዎች ለልጁ ያነብ ዘንድ ሸጡለት ማለት ነው። ልጁ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከ1949 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአርጀንቲና ሠራ፤ በ1995 በስዊስ አገር ሞተ። የሥዕል ታሪክ ጥበብ ታላላቆች ሲቆጠሩ ስሙ ከፊት ይነሣል።

አያቱ አርበኛ የነበሩ አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ይህን ስነግረው ‹‹ጋሼ፥ የወራሪ ልጅ የሣለውን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ምን ይባላል?›› አለኝ። ጥያቄው አላስቀየመኝም፤ የሚገባ ጥያቄ ነው። በማግስቱ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩና ኩሽ ያለበትን ገጽ ዘረጋሁለት። በወረራው ዘመን ለኢጣልያ ልጆች በሚታተመው ሥዕል ላይ ጥቁር ሰው ወይ ይሸሻል ወይ ይሰግዳል። እንዲህ ያለ ሥዕል በሞላበት ዘመን ያደገ፥ ልብሱንም የለበሰ ልጅ፥ ከ30 ዓመት በኋላ የማይሸሽና የማይሰግድ ሰው ሣለ። እኔ እንደማምነው ይህን ያስተማሩት በአገራችን ሳለ በዐይኑ ያያቸው ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው በየትም አልተጻፈም። ይህም ሆኖ ፕራትን ፍጹም አላደርገውም፤ በኢትዮጵያ ስም በተጠራ መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ሰው አሁንም አውሮፓዊ መሆኑ ደስ አይለኝም። ባልደረባዬ ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ ‹‹ለመሆኑ ይህ ሰውዬ ዐማርኛ ይችላል?›› አለኝ፤ ኩሽን ማለቱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በምሳ ሰዓት እየመጣ መጽሐፍ ይዋሰኛል፤ ሁለቱን እስካሁን አልመለሰም።

ከተዋሰው ባልደረባዬ ይልቅ የሚያሰጋኝ ግን ወረቀቱ ራሱ ነው። እነዚህ መጻሕፍት የታተሙት በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ በብርሃንና በአየር ምክንያት በውስጡ አሲድ እየተፈጠረ ገጹን ቢጫ ያደርገዋል፤ ቆይቶም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ማያያዣው ሽቦ በክረምት ይዝግና ዙሪያውን ይበላዋል። እኔ የዛገውን ሽቦ ነቅዬ በጥጥ ክር እሰፋዋለሁ፤ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይህን ቢያዩ ይጮኻሉ፥ ለእነርሱ የመጀመሪያው ሽቦ ሲነሣ ዋጋው ይወርዳልና። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ብዙ ፋይልም የሚሞተው በዚሁ በሽታ ነው።

ጡረታዬ እየተቃረበ ስለ ሆነ ስብስቡን ያለ ዋጋ ልስጥ ብዬ ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። ኃላፊው በትሕትና ተቀብለው፥ የልጆች መጫወቻ ስለማይቀበሉ እንዳዝንላቸው ነገሩኝ። ስለ ድሬዳዋው የእስረኞች ሠፈር ባስረዳቸው ‹‹እርሱማ የታሪክ ክፍል ጉዳይ ነው›› ብለው ወደ ላይኛው ፎቅ መሩኝ። የታሪክ ክፍሉ ደግሞ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ‹‹ይህ እኮ ሥዕል ነው›› አለኝ። ደብዳቤ ጻፍ ተባልኩ፤ ጻፍኩ። ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ከመዝገብ ገብቷል፤ የእኔው ሙያ ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ የት እንደሚቀመጥ መገመት አያስቸግረኝም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቹን ትቼ ወደ አንባብያን መጥቻለሁ። በአዲስ አበባ፥ በድሬዳዋም ሆነ ቀድሞ በአስመራ የኖሩ ቤተሰቦች፥ ይልቁንም አባት ወይም አያት ኢጣልያንኛ ወይም ፈረንሳይኛ ያነብቡ በነበሩበት ቤት፥ በአልጋ ሥርና በቆጥ ላይ ያለውን ሣጥን ለኪሎ ገዢ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጊዜ እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ። መጽሐፉን ለእኔ መስጠት አያስፈልጋቸውም። ስሙን፥ ቁጥሩንና የታተመበትን ዓመት ብቻ ጽፈው በጋዜጣው አዘጋጅ በኩል ቢልኩልኝ ይበቃኛል፤ በአገር ውስጥ የት ምን እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከጀግናው ስም ቀጥሎ ከኋላው ለቆመው ሰው ስም የሚሆን ቦታ ከፍዬለታለሁ። በተለይ አጥብቄ የምፈልገው የፒፍን የ1972 እና የ1973 ዕትሞች ነው፤ ሽፋን ባይኖራቸውም፥ ቆሎ የተጠቀለለባቸውም ቢሆኑ አልጠላም።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ