ስድሳው ቀን ሳያልፍ

ብድር በአገራችን የቆየ ነው። በላስታ ገበሬው በሬ ሲሞትበት፣ ዘር ሲያጥረው፣ ድግስ ሲደርስበት ከጎረቤቱ ይበደራል። ገንዘቡ ቅዳሜ በላሊበላ ገበያ ይቆጠራል። ከዘመድ ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ነገር ሲመጣ ግን ዳኛው የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ይሠራበታል። በዚህ ሕግ ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው። ያለዚያም ሰውየው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይም ሲምል ነው። ዕዳውን መክፈላችንንም የምናስረዳው በዚሁ መንገድ ነው። «ስከፍለው እነ እገሌ አይተዋል» ማለት አይበቃም።

ነገሩ እንዲገባን ሁለት ገበሬዎችን እናስብ። ሁለቱም በወረቀት 20,000 ብር ተበደሩ። ሁለቱም 12,000 ብር መለሱ። አንደኛው ደረሰኝ አልያዘም። ሁለተኛው አበዳሪው የፈረመበት ደረሰኝ አለው፤ ለወረዳው ፍርድ ቤትም አቅርቦታል። ፍርድ ቤቱ ግን ሁለቱንም «20,000 ብር ክፈሉ» አላቸው። በሬያቸው ሊሸጥ ነው። ምን ያድርጉ?

መንገዱ ይግባኝ ነው። ከወረዳ ፍርድ ቤት የሚነሣ ይግባኝ ወልድያ ወዳለው የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከላሊበላ በጋሸና በኩል ሩቅ መንገድ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት አራት ነገር እንወቅ።

አንደኛ፣ ቀኑን እንቁጠር። ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። አጨዳው እስኪያልቅ ብለን ብንቆይ ቀኑ አይጠብቀንም። ያለ በቂ ምክንያት ያሳለፈ ሰው በሩ ይዘጋበታል።

ሁለተኛ፣ የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት እንውሰድ። ከይግባኙ ጋር ይያያዛል።

ሦስተኛ፣ ስሕተቱን ለይተን እንጻፍ። «ተበድያለሁ» ብቻ ማለት አይረዳም። «ደረሰኝ አቅርቤ ሳለ ፍርድ ቤቱ ሳያየው አለፈው» ማለት ግን ይረዳል። በታች ያልተነሣ አዲስ ነገር ይግባኝ ላይ ማንሣት እንዲሁ አይፈቀድም።

አራተኛ፣ ይግባኝ ማለት ብቻውን ፍርዱን አያቆምም። በሬው እንዳይሸጥ «አፈጻጸሙ ይታገድልኝ» ብለን ለይተን እናመልክት። ፍርድ ቤቱ ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል። የዳኝነት ገንዘብ የሌለው ድሃም በነፃ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱ ገበሬዎች ወልድያ ደረሱ እንበል። ደረሰኝ ያለው ሰው የሚያሳየው አለው። ዳኞቹ ወረቀቱን አይተው 12,000 ብሩን ከዕዳው ሊቀንሱለት ይችላሉ። ደረሰኝ የሌለው ግን እውነቱን ይዞ ባዶ እጁን ነው። ምስክሮቹ አሥር ቢሆኑም ሕጉ አይቀበላቸውም። አበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ «አዎ፣ ተቀብያለሁ» ካላለለት ጭንቅ ነው።

ይህ ሰው የተሸነፈው ወልድያ አይደለም። የተሸነፈው ገበያው ላይ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ዕለት ነው።

ስለዚህ ስንበደር ውሉን ራሳችን እናንብበው። የተጻፈው ብር የተቀበልነው ብር መሆኑን እንይ። ወለዱንም እንይ፤ ሕጉ በዓመት ከ100 ብር ላይ ከ12 ብር በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። በከፈልን ቁጥር ቀኑና ብሩ የተጻፈበት፣ አበዳሪው የፈረመበት ደረሰኝ እንቀበል። ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችንም ጣቱን ቀለም ከመንከሩ በፊት እናንብብለት።

ደረሰኝ መጠየቅ ወዳጅን መጠርጠር አይደለም። ወዳጅነቱ ፍርድ ቤት እንዳይደርስ መጠበቅ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።