«ሞርፊን ፈረስ ያሳብዳል»፤ ተረቱና እውነታው

በፈረስ ሕክምና ውስጥ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወራረስ የኖረ አንድ አባባል አለ፤ ሞርፊንና ዘመዶቹ፣ በጥቅሉ ኦፒዮይድ የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች፣ ለሰውና ለውሻ እንጂ ለፈረስ አይሆኑም የሚል። ክሱ ሲዘረዘር ፈረሱን ያሳብዱታል፣ አንጀቱን ያስሩበታል፣ ከሰመመን ሲነቃ ያንፈራግጡታል፤ ይህ ሁሉ ሳያንስ ሕመሙንም አያስታግሱለትም ይላል። ከእነዚህ ክሶች አንዳቸውም ከባዶ አልተፈጠሩም፤ ዕድሜያቸው የረዘመውም ለዚህ ነው። ግን ትክክለኛ ከሆነ ምልከታ ተነስተው የተሳሳተ ፍርድ ላይ ደርሰዋል፤ የፍርዱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ አጥንቱ ተበስቶ ወይም ሆዱ ተከፍቶ የሚነቃው ፈረስ ነው። ኦፒዮይድ በሙሉ ሰመመን ላይ ላለ ፈረስም ሊጠቅም ይችላል ብዬ እከራከራለሁ። የሳትነው መለኪያውንና ጥቅሙ የሚታይበትን ሰዓት ነው።

«ያሳብዳል» ከሚለው እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለፈረሶች ሞርፊን፣ ፌንታኒልና መሰል መድኃኒቶችን እየወጉ በጋጣቸው ውስጥ የሚራመዱትን እርምጃ ቆጠሩ። መጠኑ ሲጨምር እርምጃውም ጨመረ፤ ፈረሶቹ ያለ ዕረፍት ጋጣቸውን ይዞሩ ጀመር። ከዚያ ቀደም ብሎም በአሜሪካ የእሽቅድምድም ሜዳዎች አጭበርባሪዎች ሞርፊንና ሄሮይን ለፈረስ ይሰጡ የነበረው እንዲፈጥን ብለው ነበር። ስለዚህ መነቃቃቱ እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን እርምጃቸው የተቆጠረው ፈረሶች ምንም የማያማቸው ጤነኞች ነበሩ፤ ማረጋጊያም አልተሰጣቸውም። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የተጋደመው ፈረስ የእነሱ ተቃራኒ ነው። ሕመሙ አለ፤ ከመተኛቱም በፊት ዛይላዚን ወይም ዴቶሚዲን የተባለ ማረጋጊያ፣ ብዙ ጊዜም አሴፕሮማዚን ተወግቷል። አሴፕሮማዚን ደግሞ ኦፒዮይድ በአንጎል ውስጥ የሚቀሰቅሰውን የእንቅስቃሴ ግፊት የሚገታ መድኃኒት ነው። ከጤነኛው ፈረስ የተገኘውን ውጤት በታመመው ላይ መጫን፣ ያልተራበ ሰው እህል ሲጠላ አይቶ ለተራበውም ምግብ አይረባም ከማለት አይለይም።

ከሁሉ ጠንካራው ክስ ግን ይህ አይደለም። በሰውና በውሻ ሰመመን ላይ ኦፒዮይድ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት የማደንዘዣ ጋዙን ፍላጎት መቀነሱ ነው። ይህ የሚለካው፣ ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ተመሳሳይ ጉዳት ሲደርስ ከእንስሳቱ ግማሾቹ እንዳይንቀሳቀሱ በሚያስፈልገው የጋዝ መጠን ነው። ውሻ ላይ ፌንታኒል ሲሰጥ ይህ መጠን ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ፈረስ ላይስ? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት አይሶፍሉሬን እየሳቡ ለተኙ ጤነኛ ፈረሶች ሞርፊን ሰጥቶ ለካ። በኪሎ 0.25 ሚሊግራም ሲሰጣቸው የጋዙ ፍላጎት በአንዱ ፈረስ 20 በመቶ ያህል ሲወርድ በሌላው 28 በመቶ ያህል ወጣ። በኪሎ 2 ሚሊግራም ሲሰጣቸው ልዩነቱ ከ19 በመቶ ቅናሽ እስከ 56 በመቶ ጭማሪ ተለጠጠ። አንዳንዶቹም ሲነቁ አደገኛ ሁኔታ አሳዩ። ተመራማሪዎቹ ሞርፊንን ከአይሶፍሉሬን ጋር በዘልማድ መስጠት እንደማይደገፍ ደመደሙ፤ ለተነሱበት ጥያቄ መልሱ ትክክል ነበር።

ስህተቱ የመጣው መልሱ ላልተጠየቀው ጥያቄ ሲዋስ ነው። ይህ መለኪያ የሚቆጥረው እንቅስቃሴን ነው፤ ፈረሱ ተንቀሳቀሰ ወይስ አልተንቀሳቀሰም ብሎ። ፈረስን ራሱ ሞርፊኑ ለእንቅስቃሴ እንደሚገፋፋው ደግሞ ከእርምጃ ቆጠራው እናውቃለን። እግሩን ያነሳው ስላመመው ነው ወይስ መድኃኒቱ ስለቀሰቀሰው? መለኪያው ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ የጋዙ ፍላጎት አለመቀነሱ ሕመሙ አለመቀነሱን አያረጋግጥም። መጠኑም መታየት አለበት። 450 ኪሎ በሚመዝን ፈረስ ላይ 2 ሚሊግራም በኪሎ ማለት 900 ሚሊግራም ሞርፊን ነው፤ ከዚህ በታች በማነሳው የኤዲንብራ ጥናት ለእንዲህ ዓይነት ፈረስ በመጀመሪያ የሚደርሰው ግን 68 ሚሊግራም ያህል ነበር። በአሥራ ሦስት እጥፍ መጠን የታየውን ጉዳት ይዞ አነስተኛውን መጠን መኮነን ፍትሐዊ ሚዛን አይደለም። እርግጥ ነው፣ ጋዙን ለመቀነስ ብቻ ኦፒዮይድ የሚሰጥ ባለሙያ ካለ ይተወው፤ ለዚያ ሊዶኬይን በደም ሥር፣ ኬታሚን ወይም የዛይላዚን ቤተሰቦች በፈረስ ላይ የተሻለ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ፈረሱ ተኝቷል፣ አይሰማውም፣ ታዲያ ማስታገሻው ለምን? ጋዙ አእምሮን ያስተኛል እንጂ ከቁስሉ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚሮጠውን መልእክት አያስቆመውም። ቢላው ባለፈ ቁጥር መልእክቱ ይደርሳል፤ መልእክቱ የተደጋገመባቸው የኅብለ ሰረሰር ነርቮችም ለቀጣዩ ሕመም ይበልጥ ስሱ ይሆናሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው አባባል በትክክል የሚሠራው በዚህ ቦታ ነው። ፈረሱ ከሰመመን ሲወጣ የሚያገኘው ሕመም ተኝቶ ሳለ የተጠራቀመውንም ይጨምራል፤ ማስታገሻው በእንቅልፉ ሰዓት የሚሰጠው ለዚያ ሰዓት ነው።

ያም ሰዓት ለፈረስ እንደ ሌላው እንስሳ ቀላል አይደለም። ውሻ ከሰመመን ሲነቃ ጥግ ይዞ ተኝቶ ይቆያል፤ ፈረስ ግን በተፈጥሮው ሸሽቶ የሚያመልጥ እንስሳ ነውና ገና አእምሮው ሳይጠራ፣ እግሩ ሳይጸና ለመቆም ይታገላል። ግማሽ ቶን የሚጠጋ አካል ወድቆ ሲነሳ አጥንት ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውና ከ40,000 በላይ ፈረሶችን ያካተተው ትልቅ ጥናት፣ ለሆድ ቁርጠት ያልሆነ ሰመመን ከተሰጣቸው ውስጥ 0.9 በመቶ ያህሉ እንደሞቱ አሳይቷል፤ ከሞቶቹ የሩብ ያህሉ ምክንያት ስብራት ነበር። ኦፒዮይድ የሚፈራው ይህን ትግል ያብሳል ተብሎ ነው። ይሁንና የኤዲንብራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ፣ በሃሎቴን ጋዝ ከተኙ ፈረሶች ሞርፊን ያገኙት ለመቆም ያደረጉት ሙከራ ያነሰ፣ ከመጀመሪያ እንቅስቃሴ እስከ መቆም የወሰዱትም ጊዜ ያጠረ ነበር። የተሰጣቸው በኪሎ 0.15 ሚሊግራም፣ ከዚያም በየሰዓቱ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው። ፈረሶቹ 40 እንኳ አይሞሉም፤ ሃሎቴንም ዛሬ በብዙ አገር ከአገልግሎት ወጥቷል። ስለዚህ ሞርፊን አነቃቅን ያሳምራል ብሎ ለመማል አይበቃም። ያበላሻል የሚለውን ክስ እርግጠኛ ሆኖ መድገም ግን ከዚያ ወዲህ አስቸጋሪ ነው።

የአንጀቱ ክስ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚገባው ነው፤ ፈረስን ቁርጠት ይገድለዋልና። ኦፒዮይድ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ፋንድያውም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከሊቨርፑል የወጣ ጥናት የአጥንት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 496 ፈረሶች መዝገብ መርምሮ፣ ሞርፊን ያገኙት ለቁርጠት ያላቸው ተጋላጭነት ካላገኙት ወይም ቡቶርፋኖል የተባለውን ሌላ ኦፒዮይድ ከወሰዱት አራት እጥፍ መሆኑን ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒውማርኬት ከነበረው አኒማል ሄልዝ ትረስት የወጣ ተመሳሳይ ጥናት ግን ግንኙነት አላገኘም። ሁለቱም የኋላ መዝገብን የመረመሩ ናቸው። እንዲህ ባለው ምርመራ ሞርፊን የሚሰጠው ይበልጥ ለታመመው ፈረስ ሊሆን ይችላል፤ ሕመም፣ ጾምና በጋጣ መታሰርም ራሳቸው አንጀትን ያዘገያሉ። የሊቨርፑልን ውጤት ወደ ጎን አልጥለውም፤ ሞርፊን ያገኘ ፈረስ ፋንድያው መቆጠር፣ የሆዱ ድምፅ መደመጥ አለበት። ስጋቱ ክትትልን ያስገድዳል፤ መድኃኒቱን እስከ መከልከል ግን አያደርስም።

ቀሪው ጥያቄ በፈረስ ላይ በእርግጥ ሕመም ያስታግሳል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የማያሻማው ማስረጃ ከአንጎል ውጭ ነው። ሞርፊን በጅራቱ ሥር በኅብለ ሰረሰር ሽፋን ዙሪያ ሲወጋ ከግማሽ ቀን በላይ ሊዘልቅ የሚችል እፎይታ ይሰጣል፤ ይህም የፈረሱ ኅብለ ሰረሰር መድኃኒቱን የሚቀበልበት በር እንዳለው ያሳያል። በተቆጣ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባም ማንከሱን ይቀንሳል። በደም ሥር ሲሰጥ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የሆድ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ፈረሶች ላይ ቡቶርፋኖል ለ24 ሰዓት ሳይቋረጥ ሲንጠባጠብ፣ ፈረሶቹ ክብደት የቀነሱት ባነሰ መጠን ነው፤ የሕመም ጠባያቸው ቀለለ፤ ከሆስፒታልም ቀድመው ወጡ። የመጀመሪያውን ፋንድያ የጣሉት ግን ዘግይተው ነው። ጉዳቱና ጥቅሙ በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፈው ለመገኘታቸው ይህ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን በነርቩ ዙሪያ መውጋት ከሁሉ ይበልጣል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ለእግር ወይም ለጥርስ መጀመሪያ መታሰብ ያለበትም እሱ ነው። የሆድ ዕቃን ግን በአንድ መርፌ ማደንዘዝ አይቻልም፤ የእግሩም ማደንዘዣ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ያኔ ከሕመሙ ጋር የሚቀረው ፈረስ አይጮህም። እ.ኤ.አ. በ2014 በተኮላሹ ፈረሶች ላይ የተዘጋጀው የፊት ገጽታ መመዘኛ የሚያነብበው ወደኋላ የዞረ ጆሮን፣ የጠበበ ዓይንን፣ የተወጠረ አገጭንና የአፍንጫ ቀዳዳን ነው፤ ሐኪሙ በማለዳ በጋጣው በር ቆሞ በጸጥታ ማየት ያለበትም ይህንኑ ነው።