ወረንጦ የሚደብቀውን የዓይን በሽታ ማጉያ መነጽር ያጋልጠዋል

በገጠር የዓይን ምርመራ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው በከተማ ሆስፒታል ወደሚገኙት ትላልቅ መሣሪያዎች ነው። ይሁን እንጂ የዓይን ማዝን ወይም ትራኮማን ለመለየት የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በአንዲት ቦርሳ ተይዘው እስከ ጎጆው በር ድረስ ሊሄዱ የሚችሉ ናቸው።

ከነዚህ ዋነኛው መርማሪው ዓይኑ ላይ የሚያደርገው፣ ነገሮችን 2.5 ጊዜ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ነው። ብርሃን ከፀሐይ ወይም ከእጅ ባትሪ ይገኛል። መርማሪው በመጀመሪያ ሽፋሽፍቱን ያያል፤ ቀጥሎ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ውስጡን ይመረምራል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው አመዳደብ መሠረት፣ በቆቡ ውስጥ መካከለኛ ክፍል ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ እባጮች ከታዩ ትራኮማ አለ ይባላል። በሽታው በተደጋገመ ቁጥር ቆቡ ይጠባሰሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል። በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃን አይመለስም።

የማየት ችሎታ የሚለካው ደግሞ ሦስት ጣት ያለው መንሽ የሚመስል ምልክት በተሳለበት ሠንጠረዥ ነው። ተመርማሪው 6 ሜትር ርቆ፣ ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረም ሰው ሊመረመር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት 49.9 በመቶው በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱም አስቀድመው ከታወቁ መድኃኒት አላቸው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የተቀለበሰውንም ቆብ የሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያ አቅንቶ ሕመምተኛውን በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ችግሩ ወረንጦ ነው። ብዙ እናቶች የሚወጋቸውን ሽፋሽፍት እየነቀሉ ሕመሙን ለጥቂት ቀናት ያስታግሳሉ፤ ፀጉሩ ግን መልሶ ሲያቆጠቁጥ ብሌኑን መውጋቱን ይቀጥላል። በምርመራው ዕለት ሽፋሽፍቷን ነቅላ የቀረበች እናት ጤነኛ ልትመስል ትችላለች። በመሆኑም መርማሪው የተነቀለበትን ቦታ በማጉያው ይፈልጋል፤ «ወረንጦ ትጠቀሚያለሽ ወይ?» ብሎም ይጠይቃል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። በየጎጡ ወረንጦ የሚጠቀሙትን፣ ብርሃን ሲያዩ የሚያለቅሱትንና በሰው እጅ የሚመሩትን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነው አስቀድመው መመዝገብ ይገባቸዋል። ቀጠሮውም ከአጨዳና ከገበያ ቀን ጋር እንዳይጋጭ፣ ከቤት የማይወጡ አረጋውያንም እንዳይቀሩ ማድረግ ያስፈልጋል። መነጽሩ የሚያጎላው ፊቱ የቀረበውን ዓይን ብቻ ነውና።